የሞተር ለውጥና የካርዳን ዘዌ፤ በአሮጌ የጭነት መኪና ላይ ስለሚደረግ ማስተካከያ

የአንድን አሮጌ የጭነት መኪና ሞተር አውጥቶ በምትኩ ሌላ ዓይነት ሞተር ማስገባት በብዙ አገር የተለመደ ሥራ ነው። ይህን ሥራ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነገር ነው፤ ይኸውም ሞተሩ በቦታው ይገባል ወይ? ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር ይገጥማል ወይ? ራዲያተሩስ ያቀዘቅዘዋል ወይ? የሚል ነው። እነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ ተገቢ ናቸው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አራተኛ ጥያቄ አለ፤ እርሱም ሞተሩ ምን ያህል አዘንብሎ ተቀመጠ? ዝንባሌውስ ከኋላው ዲፈረንሻል ዝንባሌ ጋር ይስማማል ወይ? የሚለው ነው።

ይህ አራተኛ ጥያቄ የተዘለለ እንደሆነ ሥራው አልቆ መኪናው ወደ መንገድ ሲወጣ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ባለቤቱም ጎማውን ባላንስ ያስደርጋል፤ ሳይሻለው ሲቀር ዘንጉን ያስመረምራል፤ በመጨረሻም አዲሱን ሞተር ይወቅሳል። ሞተሩ ግን ምንም ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ ያለው ሞተሩ በተቀመጠበት መስመርና ዲፈረንሻሉ በተቀመጠበት መስመር መካከል ነው። ከዚህም የባሰ ነገር አለ። ያለ ልክ ታጥፎ የሚሠራ ክሮቼራ ኩሽኔታዎቹ ቶሎ ይበላሉ፤ የካምቢዮውም የኋላ ቤት ሊሰነጠቅ ይችላል። ክሮቼራው በጉዞ ላይ የተሰበረና የዘንጉ የፊተኛው ጫፍ የወደቀ እንደሆነ ዘንጉ መሬቱን ወግቶ መኪናውን ሊገለብጠው ይችላል። ስለዚህ ነገሩ የምቾት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሰው ሕይወትም ጉዳይ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ መንቀጥቀጥ ከምን እንደሚመጣ፥ እንዴት እንደሚለካና እንዴት እንደሚታረም መግለጽ ነው። የሚያስፈልገው ሒሳብ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሚሰጠው የሚያልፍ አይደለም።

ስለ ቃላቱ አስቀድሞ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በአገራችን ጋራዦች የሚነገሩት የመኪና ክፍሎች ስሞች ብዙዎቹ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ እኛም በእነዚሁ እንጠቀማለን። ከካምቢዮው ኃይሉን ተቀብሎ ወደ ኋላ የሚያደርሰው ረጅም ዘንግ የካርዳን ዘንግ ይባላል። በሁለቱም ጫፎቹ ላይ እንዲታጠፍ የሚያስችለው መስቀል መሳይ መገጣጠሚያ ክሮቼራ ነው። ክሮቼራው በሁለት ሹካዎች መካከል ይቀመጣል። በዲፈረንሻሉ ውስጥ ኮሮና የተባለውን ትልቅ ጥርስ የሚያዞረው ትንሹ ጥርስ ፒኞን ይባላል። «ዝንባሌ» ስንል አንድ ዘንግ ከአግድም መስመር፥ ማለት ከውሃ ልክ፥ ምን ያህል እንደ ተለየ መናገራችን ነው፤ «ዘዌ» ስንል ግን ሁለት ዘንጎች በክሮቼራው ላይ በስንት ዲግሪ እንደሚታጠፉ መናገራችን ነው። የእነዚህ የሁለቱ ልዩነት ለቀጣዩ ሁሉ መሠረት ስለሆነ አንባቢው ልብ እንዲለው ያስፈልጋል።

ሀ. ለምሳሌ የተመረጠው መኪና

ለምሳሌ የሚሆነን ሸቭሮሌ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1947 እስከ 1955 መጀመሪያ ድረስ የሠራው ግማሽ ቶን የሚጭነው 3100 የተባለው ትንሽ የጭነት መኪና ነው። ይህ መኪና ሲሠራ የነበረው ሞተር ስድስቱም ሲሊንደሮች በአንድ መስመር የተደረደሩበት ነው። ይኸው ኩባንያ ለ1955 ሞዴል ስምንት ሲሊንደር ያለው ቪ-8 የተባለውን አዲስ ሞተር አወጣ፤ ከ1967 ጀምሮም የዚሁ ቤተሰብ የሆነው 350 የተባለው ሞተር ተሠራ። እነዚህ ሞተሮች በብዛት የሚገኙ፥ ጉልበታቸውም ከፊተኛው የበለጠ ስለሆነ፥ በአሜሪካን አገር የአሮጌው 3100 ባለቤቶች የቀድሞውን ሞተር በእነርሱ መለወጥ ልማድ አድርገውታል።

የዚህ መኪና ነገር ለትምህርት የሚመች የሚሆነው ስለዚህ ነው። እስከ 1954 ድረስ የተሠሩት 3100 መኪናዎች የካርዳን ዘንጋቸው የተገለጠ አልነበረም። ዘንጉ በወፍራም ቱቦ ውስጥ ያልፋል፤ ቱቦውም ከኋላው አክስል ጋር በብሎን የታሰረ ነው። ስለዚህ ክሮቼራው አንድ ብቻ ሲሆን የሚገኘውም ከፊት፥ ከካምቢዮው ጀርባ ነው። አክስሉ በጉልበት ጊዜ ለመጠማዘዝ ሲሞክርም ቱቦው ይይዘዋል። አዲስ ሞተርና አዲስ ካምቢዮ ሲገባ ግን ይህ ቱቦ ቀርቶ ሁለት ክሮቼራ ያለው የተገለጠ ዘንግ ይተካል፤ የኋላውም አክስል አብሮ ይለወጣል። እንግዲህ ቀድሞ በፋብሪካው መሐንዲሶች የተወሰነው ዝንባሌ ሁሉ ይፈርሳል፤ የሞተሩን ዝንባሌ የሚወስነው አዲሱን ማስቀመጫ የሚሠራው ሰው ሲሆን፥ የፒኞኑንም ዝንባሌ የሚወስነው የባሌስትራውን መቀመጫ በአክስሉ ላይ የሚበይደው ሰው ነው። የፋብሪካውን መሐንዲስ ሥራ የጋራዡ መካኒክ ተረከበ ማለት ነው።

ለ. ክሮቼራ ለምን እኩል አያዞርም?

ካርዳን የሚለው ስም እ.ኤ.አ. ከ1501 እስከ 1576 ከኖረው ከጣልያናዊው ሐኪምና የሒሳብ ሊቅ ከጂሮላሞ ካርዳኖ የተወሰደ ነው። እንግሊዞች ግን በ17ኛው መቶ ዓመት ሮበርት ሁክ ስለ አሠራሩ ስለ ጻፈ የሁክ መገጣጠሚያ ይሉታል። ስሙ ምንም ይሁን ምን፥ አንድ ጠባይ አለው፤ ይኸውም ታጥፎ በሚሠራበት ጊዜ የሚዞረውና የሚያዞረው ዘንግ ፍጥነታቸው በየቅጽበቱ እኩል አለመሆኑ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት አንድ ክብ ሳህን ማሰብ ይበቃል። ሳህኑን በቀጥታ ብናየው ክብ ነው፤ ዘንበል አድርገን ብናየው ግን ሞላላ ይመስላል። በሳህኑ ጠርዝ ላይ በእኩል ርቀት ነጥቦች ምልክት ብናደርግ፥ በዘንባላው በኩል ሲታዩ በአንዱ ስፍራ የተጠጋጉ፥ በሌላው ስፍራ የተራራቁ ሆነው ይታያሉ። የክሮቼራውም ክንዶች እንዲሁ ናቸው። ከፊተኛው ዘንግ በኩል ሲታዩ እኩል እርምጃ ይራመዳሉ፤ ከኋለኛው ዘንግ በኩል ሲታዩ ግን አንዴ ፈጠን፥ አንዴ ዘግየት ይላሉ። ይህም በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይሆናል።

በሒሳብ ስንገልጸው፥ የሚዞረው ዘንግ ከፍተኛ ፍጥነት የሚያዞረው ዘንግ ፍጥነት ለዘዌው ኮሳይን ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ ዝቅተኛውም በኮሳይኑ ሲባዛ የሚገኘው ነው። ለምሳሌ ካምቢዮው በደቂቃ 3000 ጊዜ ቢዞርና ዘዌው 10 ዲግሪ ቢሆን፥ የ10 ዲግሪ ኮሳይን 0.985 ስለሆነ የዘንጉ ፍጥነት ከ2954 እስከ 3046 ድረስ እየተለዋወጠ ይዞራል። ዘዌው 3 ዲግሪ ቢሆን ግን ከ2996 እስከ 3004 ብቻ ይሆናል።

አንባቢው «በ3000 ላይ 46 መጨመሩ ምን ይጎዳል?» ሊል ይችላል። የሚጎዳው የልዩነቱ መጠን ሳይሆን የድግግሞሹ ብዛት ነው። በደቂቃ 3000 ጊዜ የሚዞር ዘንግ በሰከንድ 50 ጊዜ ይዞራል፤ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ የሚፈጥን ከሆነ በሰከንድ 100 ጊዜ ይፈጥናል፥ 100 ጊዜም ይዘገያል። ከባድ ብረትን በሰከንድ 100 ጊዜ ማፍጠንና ማዘግየት ብዙ ኃይል ይጠይቃል። ይህ የመፍጠንና የመዘግየት ብርታት በቅርቡ የሚገኘው ዘዌውን በራሱ፥ ፍጥነቱንም በራሱ አባዝቶ ሁለቱን በማባዛት ነው። ስለዚህ ዘዌው እጥፍ ሲሆን ብርታቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱም እጥፍ ሲሆን እንደዚሁ አራት እጥፍ ይሆናል። ከ3 ዲግሪ ወደ 10 ዲግሪ ያለፈ ሰው ጉዳቱን ወደ ሦስት እጥፍ ያህል ያደረሰ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን 11 እጥፍ አድርሶታል። በከተማ ውስጥ ሲሄድ ምንም የማይታወቅ ጥፋት በአውራ ጎዳና ላይ የሚገለጠውም ስለዚሁ ነው።

ሐ. ሁለተኛው ክሮቼራ የፊተኛውን ስሕተት እንዴት ያርማል?

በአንድ ዘንግ ላይ ሁለት ክሮቼራ ያለ እንደሆነ፥ ፊተኛው ያመጣውን መዘባረቅ ኋለኛው ሊያጠፋው ይችላል። ይህ እንዲሆን ሁለት ነገሮች መሟላት አለባቸው።

አንደኛ፥ በዘንጉ በሁለቱ ጫፎች ላይ ያሉት ሹካዎች በአንድ መስመር መዋል አለባቸው። ብዙ የጭነት መኪና ዘንጎች በመካከላቸው የሚንሸራተት ጥርስ ስላላቸው ለሁለት ይለያያሉ። ሲገጠሙ አንድ ጥርስ ያህል እንኳ ቢሳሳቱ ማረሙ ይጎድላል፤ በ90 ዲግሪ ቢሳሳቱ ደግሞ የሁለቱ ክሮቼራዎች ስሕተት ሊጠፋፋ ሲገባው ይደመራል። ስለዚህ ዘንጉ ከመፈታቱ በፊት በሁለቱም ወገን በቀለም ወይም በቡጢ ምልክት ማድረግ ይገባል።

ሁለተኛ፥ የፊተኛው ዘዌና የኋለኛው ዘዌ እኩል መሆን አለባቸው። እኩል ያልሆኑ እንደሆነ የሚተርፈው ስሕተት የሚገኘው ትልቁን ዘዌ በራሱ አባዝቶ፥ ከዚያም ትንሹን በራሱ አባዝቶ ከቀነሱ በኋላ የቀሪውን ካሬ ሥር በመውሰድ ነው። ለምሳሌ ፊተኛው 3 ዲግሪ፥ ኋለኛው 1 ዲግሪ ቢሆን፥ 9 ሲቀነስ 1 ስምንት ነው፤ የ8 ካሬ ሥር 2.8 ነው። ይህም ማለት መኪናው በ2.8 ዲግሪ የታጠፈ አንድ ክሮቼራ ብቻ እንዳለው ሆኖ ይንቀጠቀጣል። የኋለኛው ክሮቼራ መኖር ከሞላ ጎደል ጥቅም አልሰጠም ማለት ነው።

ሁለቱን ዘዌዎች እኩል ለማድረግ ሁለት መንገዶች አሉ። በመጀመሪያው መንገድ የሞተሩ መስመርና የፒኞኑ መስመር እንደ ባቡር ሐዲድ ትይዩ ይሆናሉ። ሞተሩ ወደ ኋላ 4 ዲግሪ ቁልቁል ካዘነበለ ፒኞኑም በዚያው 4 ዲግሪ ያዘነብላል፤ ማለት የፒኞኑ የፊት ጫፍ ወደ ላይ ቀና ይላል። በሁለተኛው መንገድ ግን ሞተሩና ፒኞኑ ትይዩ ሳይሆኑ ዘንጉ በሁለቱ ዝንባሌዎች ልክ መካከል ይውላል። ለምሳሌ ሞተሩ 4፥ ዘንጉ 2፥ ፒኞኑ 0 ዲግሪ ቢሆኑ፥ ሁለቱም ዘዌዎች 2 ዲግሪ ናቸው።

መኪናው ቆሞ ሳለ ሁለቱ መንገዶች እኩል ትክክል ናቸው። በባሌስትራ ላይ የተቀመጠ መኪና ግን ጭነት ሲጫንበት ይለያያሉ። ዘንጉ 1400 ሚሊሜትር ርዝመት ቢኖረውና ጭነቱ መኪናውን በ60 ሚሊሜትር ዝቅ ቢያደርገው የዘንጉ ዝንባሌ በ2.5 ዲግሪ ያህል ይለወጣል። ሞተሩና ፒኞኑ በ4 ዲግሪ ትይዩ ከነበሩና ዘንጉ 2 ዲግሪ ቁልቁል ከነበረ፥ አሁን ዘንጉ ግማሽ ዲግሪ ያህል ወደ ላይ ይቀናል፤ ሁለቱም ዘዌዎች 4.5 ዲግሪ ይሆናሉ። አሁንም እኩል ስለሆኑ ይጠፋፋሉ። በሁለተኛው መንገድ ከተሠራ ግን ፊተኛው ዘዌ 4.5፥ ኋለኛው ግማሽ ዲግሪ ይሆናል፤ የሚተርፈው ስሕተትም 4.4 ዲግሪ ይደርሳል። ባዶውን ሲሄድ ጸጥ ያለው መኪና ሲጫን ይንቀጠቀጣል ማለት ነው። ለጭነት መኪና ትይዩው መንገድ የሚመረጠው ስለዚህ ነው። ሁለት በሬዎች በአንድ ቀንበር ሲጠመዱ መሬቱ ቢያዘቀዝቅም ቢያቀናም እኩል ሊራመዱ እንደሚገባቸው ሁሉ፥ ሁለቱ ዘዌዎችም አብረው መጨመርና አብረው መቀነስ አለባቸው።

ይሁን እንጂ ትይዩ መሆናቸው ብቻ በቂ አይደለም። መካከለኛው ዘንግ ራሱ በፊተኛው ክሮቼራ ምክንያት እየፈጠነና እየዘገየ ስለሚዞር፥ ዘዌዎቹ እኩል ቢሆኑም ትልቅ ከሆኑ የዘንጉ ክብደት መንቀጥቀጥ ያመጣል። ስለዚህ ፈጥኖ ለሚሄድ መኪና እያንዳንዱ ዘዌ ከ3 ዲግሪ ባይበልጥ መልካም ነው፤ የሁለቱም ልዩነት ከ1 ዲግሪ መብለጥ የለበትም። በሌላ በኩል ደግሞ ዘዌው ፈጽሞ ዜሮ መሆን የለበትም። በክሮቼራው ውስጥ ያሉት መርፌ መሳይ ኩሽኔታዎች እንዲንከባለሉ ቢያንስ ግማሽ ዲግሪ ያስፈልጋል። ካልተንከባለሉ በአንድ ስፍራ እየተመቱ በመስቀሉ ክንድ ላይ ጭረት ያበጃሉ፤ ቅባቱም አይዳረስም። «ቀጥ ያለ ዘንግ ሁሉ መልካም ነው» የሚለው አሳብ ስሕተት የሚሆነው በዚህ ነው።

መ. አለካክ

ከሁሉ አስቀድሞ የመኪናው ክብደት በጎማዎቹ ላይ ማረፍ አለበት። ሻንሲው በክሪክ ተነሥቶ አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ የሚወሰድ ልክ ዋጋ የለውም። የሚጫነውም ዕቃ፥ የነዳጁም ጋን መኪናው እንደ ወትሮው በሚሄድበት ሁኔታ መሆን አለበት።

የሚለኩት ዝንባሌዎች ሦስት ናቸው፤ የሞተሩና የካምቢዮው፥ የዘንጉ፥ የፒኞኑ። ሦስቱም የሚለኩት ከውሃ ልክ ስለሆነና የምንፈልገው ልዩነታቸውን ስለሆነ፥ መኪናው የቆመበት ወለል ትንሽ ቢያዘነብልም ስሌቱን አያበላሸውም፤ ብቻ በመካከሉ መኪናው መንቀሳቀስ የለበትም። ዘንጉ በላዩ ላይ መሣሪያውን በማስቀመጥ ይለካል። ለሞተሩና ለፒኞኑ ግን የሚታይ አግድም ፊት ላይገኝ ስለሚችል ከዘንጋቸው ጋር 90 ዲግሪ የሚሠራውን ቁም ፊት፥ ለምሳሌ ከፊት የሞተሩን ፑሌጃ፥ ከኋላ የፒኞኑን ፍላንጅ መለካት ይቻላል፤ ቁሙ ፊት ከቱንቢ የተለየውን ያህል ዘንጉም ከውሃ ልክ ተለይቷል።

ዛሬ ዘዌ የሚለካ መሣሪያ በርካሽ ይገኛል፤ በእጅ ስልክም ውስጥ እንኳ አለ። መሣሪያው ባይኖር ግን የግንበኛ ቱንቢና ማስመሪያ ይበቃሉ። በ573 ሚሊሜትር ቁመት ላይ 10 ሚሊሜትር ፈቀቅ ማለት አንድ ዲግሪ ነው። ፍላንጁ ራሱ አጭር ስለሆነና በ100 ሚሊሜትር ላይ አንድ ዲግሪ 1.7 ሚሊሜትር ብቻ ስለሚሆን፥ 573 ሚሊሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ብረት በፍላንጁ ላይ አስሮ ቱንቢውን ከላይኛው ጫፍ ማንጠልጠል ይሻላል።

ከላይ ወደ ታች ሲታይም መስመሩን መመርመር ያስፈልጋል። ቪ-8 ሞተር ከቀድሞው አጭር ቢሆንም ሰፊ ስለሆነ፥ ከመሪው ዘንግ እንዲርቅ ብዙ ጊዜ ወደ ቀኝ ፈቀቅ ተደርጎ ይቀመጣል። ፈቀቅ ማለቱ ብቻውን አይጎዳም፤ ሞተሩ ግን ከሻንሲው መካከለኛ መስመር ጋር ትይዩ መሆን አለበት። የጎን ዘዌ ያለ እንደሆነ እውነተኛው ዘዌ የሚገኘው የጎኑንና የቁሙን ዘዌ እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዝቶ፥ ደምሮ፥ ካሬ ሥራቸውን በመውሰድ ነው። ስለዚህ 2 ዲግሪ በቁም፥ 2 ዲግሪ በጎን ያለው ክሮቼራ የሚሠራው በ2.8 ዲግሪ ነው።

ሠ. አንድ የተሟላ ስሌት

ለምሳሌ ያህል አንድ ሞተሩ የተለወጠ 3100 ብንለካ የሚከተለውን አገኘን እንበል። ካምቢዮው ከወለሉ ስር እንዲያልፍ ጭራው ዝቅ ተደርጎ ስለ ተቀመጠ ሞተሩ ወደ ኋላ 5 ዲግሪ ቁልቁል ነው፤ ዘንጉ 2 ዲግሪ ቁልቁል ነው፤ ፒኞኑ 1 ዲግሪ ነው። የፊተኛው ዘዌ 5 ሲቀነስ 2፥ ማለት 3 ዲግሪ ነው፤ የኋለኛው 2 ሲቀነስ 1፥ ማለት 1 ዲግሪ ነው። ቀደም ብለን እንዳሰላነው የሚተርፈው ስሕተት 2.8 ዲግሪ ነው።

እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው «ካምቢዮውን 2 ዲግሪ ከፍ፥ ፒኞኑንም 2 ዲግሪ ቀና ላድርግ፤ ሁለቱም 3 ዲግሪ ይሆናሉ» ይላል። አሳቡ መልካም ይመስላል፤ ነገር ግን ካምቢዮው ከፍ ሲል የዘንጉም የፊት ጫፍ አብሮ ከፍ እንደሚል ረስቷል። ከሞተሩ ማስቀመጫ እስከ ፊተኛው ክሮቼራ 900 ሚሊሜትር ቢሆን፥ 2 ዲግሪ ማለት 31 ሚሊሜትር ነው። ዘንጉ 1400 ሚሊሜትር ስለሆነ ዝንባሌው ወደ 3.3 ዲግሪ ይወጣል። ከአክስሉ መካከል እስከ ኋለኛው ክሮቼራ 300 ሚሊሜትር ቢሆን፥ ፒኞኑ በ2 ዲግሪ ሲቀና ጫፉ 10 ሚሊሜትር ከፍ ስለሚል የዘንጉ ዝንባሌ ወደ 2.9 ይመለሳል። እንግዲህ ሞተር 3፥ ዘንግ 2.9፥ ፒኞን 3 ሆኑ ማለት ነው፤ ሁለቱም ዘዌዎች 0.1 ዲግሪ ብቻ ሆኑ። መንቀጥቀጡ ጠፋ፤ ነገር ግን ኩሽኔታዎቹ ስለማይንከባለሉ ክሮቼራዎቹ ይበላሻሉ።

የሚሻለው እንዲህ ነው። ካምቢዮው 1 ዲግሪ ብቻ ከፍ ይበል፤ የክሮቼራው ከፍታ በ15.7 ሚሊሜትር ይጨምራል፥ ዘንጉም 2.6 ዲግሪ ይሆናል። ፒኞኑ 3 ዲግሪ ቀና ይበል፤ ጫፉ እንደዚሁ 15.7 ሚሊሜትር ከፍ ይላል፥ ዘንጉም ወደ 2 ዲግሪ ይመለሳል። አሁን ሞተር 4፥ ዘንግ 2፥ ፒኞን 4 ናቸው፤ ሁለቱም ዘዌዎች 2 ዲግሪ ናቸው። ከዚህ የምንማረው አንዱን ሲነኩ ሌላው እንደሚንቀሳቀስ ነው፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ሦስቱንም እንደገና መለካት ግዴታ ነው።

የሞተሩ 4 ዲግሪ መሆንም ሌላ ጥቅም አለው። የእነዚህ ቪ-8 ሞተሮች የካርቡራተር መቀመጫ ብዙውን ጊዜ ከሞተሩ መስመር በ3 ወይም በ4 ዲግሪ ተለይቶ የተሠራ ስለሆነ፥ ሞተሩ በዚያ ልክ ወደ ኋላ ሲያዘነብል ካርቡራተሩ ከውሃ ልክ ጋር ይስተካከላል፤ በውስጡም ያለው ተንሳፋፊ የቤንዚኑን ከፍታ በትክክል ይጠብቃል።

ረ. የማስተካከያ መንገዶች

የሞተሩን ዝንባሌ ለመለወጥ ቀላሉ መንገድ በካምቢዮው ማስቀመጫ ስር የብረት ንጣፍ ማስገባት ነው። ማስቀመጫው ከሞተሩ ማስቀመጫ በ750 ሚሊሜትር ርቀት ላይ ቢሆን ለ1 ዲግሪ 13 ሚሊሜትር ንጣፍ ያስፈልጋል። ከዚህ በኋላ ካምቢዮው ወለሉን፥ የራዲያተሩም ቬንትሌተር ቤቱን እንዳይነካ ማየት ይገባል።

የፒኞኑን ዝንባሌ ለመለወጥ በባሌስትራውና በአክስሉ መቀመጫ መካከል እንደ ሽብልቅ አንድ ወገኑ የወፈረ ብረት ይገባል። መቀመጫው 125 ሚሊሜትር ቢረዝም ለ2 ዲግሪ የሽብልቁ የሁለቱ ጫፎች የውፍረት ልዩነት 4.4 ሚሊሜትር ይሆናል። ወፍራሙ ጫፍ በየት በኩል መዋል እንዳለበት ብዙ ጊዜ ስሕተት ይደረጋል። ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ ከሆነ ወፍራሙን ጫፍ ወደ ፊት ማድረግ ፒኞኑን ወደ ታች ያዘነብለዋል፤ ባሌስትራው ከአክስሉ በታች ከሆነ ግን ያው አቀማመጥ ፒኞኑን ወደ ላይ ያቀናዋል። ሽብልቁ ከአሉሚኒየም ይልቅ ከብረት ቢሆን ይመረጣል፤ የባሌስትራውም የመካከል ብሎን በቂ ርዝመት እንዲኖረው ያስፈልጋል።

አክስሉ ገና የሚገጠም ከሆነ ግን ሽብልቅ አያስፈልግም። የባሌስትራው መቀመጫዎች በአክስሉ ላይ በነጥብ ብቻ ይያዛሉ፤ መኪናው በጎማው ላይ ይወርዳል፥ ሞተሩና ጭነቱ ሁሉ በቦታቸው ይሆናሉ፥ ልኩ ይወሰዳል፤ ከተስማማ በኋላ ብቻ ሙሉ ብየዳ ይደረጋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፥ አስቀድሞ የበየደ ሰው በኋላ መቁረጡ አይቀርም።

የባሌስትራም ጠባይ መታሰብ አለበት። ቀድሞ የአክስሉን መጠማዘዝ የሚይዘው ቱቦ ስለ ቀረ፥ አሁን የሚይዘው ባሌስትራው ነው፤ እርሱም ይለምጣል። ሾፌሩ ቤንዚን ሲሰጥ የፒኞኑ ጫፍ ወደ ላይ ይነሣል። ስለዚህ መኪናው ቆሞ ሳለ ፒኞኑን ከትይዩው በ1 ዲግሪ ያህል ዝቅ አድርጎ መተው የተለመደ ነው። በምሳሌአችን ፒኞኑን 4 በማድረግ ፈንታ 3 ዲግሪ ብንተወው፥ የፊተኛው ዘዌ 1.8፥ የኋለኛው 0.8 ይሆናል፤ በጉዞ ላይ ፒኞኑ ሲነሣ ሁለቱ ይስተካከላሉ። ሞተሩ ብርቱ፥ ባሌስትራው ለስላሳ ከሆነ እስከ 2 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል።

ሰ. የመንቀጥቀጡን ምንጭ መለየት

መንቀጥቀጥ ሁሉ ከዘዌ የመጣ አይደለም። ምንጩን ለመለየት ድግግሞሹን ማስላት ይረዳል። መኪናው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፥ የጎማው ዙሪያ 2.1 ሜትር ቢሆን፥ ዲፈረንሻሉም 3.73 ለ1 ቢሆን፥ ጎማው በሰከንድ 10.6 ጊዜ፥ ዘንጉ 39.5 ጊዜ ይዞራል። ስለዚህ የጎማ ጉድለት በሰከንድ 10 ወይም 11 ጊዜ የሚመታ፥ በመቀመጫና በመሪ ላይ እንደ መነቅነቅ የሚሰማ ነው። የዘንጉ ሚዛን መጓደል 40 ጊዜ ያህል ይመታል። የዘዌ ስሕተት ግን በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ስለሚመታ 79 ጊዜ ይመታል፤ ይህም በእግር ስር እንደ ማጉረምረም የሚሰማ ነው።

ሌላም ምልክት አለ። በአንድ ፍጥነት ላይ ማርሹን ሲለውጡ መንቀጥቀጡ የማይለወጥ ከሆነ ከሞተሩ አይደለም። ቤንዚን ሲሰጡና እግር ሲያነሡ የሚለወጥ ከሆነ ግን ፒኞኑ ሲነሣና ሲወርድ ዘዌው እየተለወጠ ስለሆነ የዘዌ ስሕተት መሆኑን ያመለክታል።

መደምደሚያ

ከላይ የተባለውን ሁሉ ባጭሩ ለመሰብሰብ፤ ሹካዎቹ በአንድ መስመር ይዋሉ፤ ሞተሩና ፒኞኑ ትይዩ ይሁኑ፤ እያንዳንዱ ዘዌ ከግማሽ ዲግሪ አይነስ፥ ከ3 ዲግሪም አይብለጥ፤ ልዩነታቸው ከ1 ዲግሪ አይለፍ፤ ልኩ መኪናው በጎማው ላይ ሳለ ይወሰድ፤ ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላም እንደገና ይለካ።

በዚህ ሥራ ውስጥ የሚታየው ትልቁ ነገር ግን ከመኪናው በላይ ይመስለናል። የተማረው ሰው ኮሳይንን ያውቃል፤ ክሮቼራን ግን በእጁ ነክቶ አያውቅም። መካኒኩ ክሮቼራን በጨለማ እንኳ መፍታት ይችላል፤ የተበላሸበትን ምክንያት ግን የነገረው የለም። በአንድ ወገን ያለው እውቀት ከሌላው ወገን እጅ ጋር ያልተገናኘ እንደሆነ ሁለቱም ይጎድላሉ፤ መንገድ ላይ የሚወድቀው ዘንግም የዚህ ጉድለት ፍሬ ነው። ሁለት ሹካ፥ አንድ ክሮቼራና ዲግሪ የተጻፈበት እንጨት ያለው ትንሽ ማሳያ ለመሥራት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። እንዲህ ያለው ማሳያ በላቦራቶሪ ለተማሪው፥ በጋራዥም ለመካኒኩ ቢቀመጥ፥ ረጅም ስሌት የማያስረዳውን በአንድ ዙር ያስረዳል።